ከማረሻ የተረፈ ብረት

የወሎ የብረታ ብረት ታሪክ በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚጠቀሰው ሴባስቶፖል ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ይህ 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አምባ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው ይገኛል። ስለ መድፉ ብዙ ተጽፏል። በዚያው አገር ለዘመናት ማረሻ ሲያበጅ፣ ማጭድና ቢላዋ ሲቀጠቅጥ ስለ ኖረው ባለ እጅ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው።

ባለ እጁ ከሁሉ አስቀድሞ ብረት ቆጣቢ ነበር። ማረሻ በየዓመቱ ከአፈርና ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ ይዶለዱማል፤ ያጥራል። ገበሬው ክረምት ሳይገባ ወደ ቀጥቃጩ ይወስደዋል፤ ቀጥቃጩም አግሎ፣ ቀጥቅጦ፣ ጫፉን አሹሎ ይመልስለታል። የእጁ ዋጋ ብዙ ጊዜ በመኸር የሚሰፈር እህል ነበር። ማረሻው ከዚህ በላይ ሊሳብ የማይችልበት ጊዜ ሲደርስም አይጣልም፤ ማጭድ ወይም ቢላዋ ይሆናል፤ ከዚያ የተረፈችው ቁራጭ ደግሞ ወስፌ ትወጣታለች።

ይሁን እንጂ ማረሻ ሁሉ መልካም ቢላዋ አይወጣውም። ለስላሳ ብረት የቱንም ያህል ውሃ ቢያጠጡት ስለት አይዝም። ጠንካራው ብረት በብዛት የመጣው ከመኪና ጋር ነው። ጣሊያኖች ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከያዙ በኋላ በ5 ዓመት የወረራ ዘመናቸው የሠሯቸው መንገዶች ደሴንና ኮምቦልቻን ከአዲስ አበባ፣ ከአስመራና ከአሰብ ጋር አገናኙ። የጭነት መኪና በበዛ መጠን የተሰበረ ባሌስትራም በዛ። ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ የቀረ ነው፤ ወራሪው ሲወጣ ስሙም ብረቱም ቀጥቃጩ ዘንድ ቀሩ። ባሌስትራ ከመቶ ግማሽ እጅ ያህል ካርቦን ያለው አረብ ብረት ስለሆነ ስለት ይይዛል። ያረጀ የትራክተር ዲስክም እንዲሁ ለቢላዋ ይስማማል።

ሥራው ቀላል አይደለም። ረዳቱ ወናፉን ሲነፋ ቀጥቃጩ ዐይኑን ከብረቱ ላይ አይነቅልም፤ የሙቀት መለኪያው መልኩ ነውና። ፍም መስሎ ሲቀላ በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ ያሳርፈዋል። ነጭ ሆኖ ፍንጣሪ እስኪተፋ ከቆየ ብረቱ ተቃጥሏል፤ ሳይግል ከመቱት ደግሞ ይሰነጠቃል። ቅርጹ ካለቀ በኋላ ስለቱ ብቻ ውሃ ይጠጣል፤ ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ውሃ የጠጣ ስለት እንደ ጠርሙስ ተሰባሪ ነውና የገለባ መልክ እስኪይዝ በዝግታ እንደገና ይሞቃል። ያን መልክ የሚያሳልፍ ቀጥቃጭ የሠራው ቢላዋ ይታጠፋል፤ የሚቸኩል ቀጥቃጭ የሠራው ይሸረፋል። በመጨረሻም የኋላው ሹል ግሎ በእንጨት ወይም በቀንድ እጀታ ውስጥ ይሰካል።

ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ በጉ የሚታረደው ከዚሁ መስፍ በወጣ ቢላዋ ነበር። የበዓሉ ሥጋ ያለ እሱ እጅ አይቆረጥም፤ ቀጥቃጩ ግን «ቡዳ» ይባላል፤ በጋብቻ ይገለላል፤ በብዙ ቦታ ርስት አልነበረውም። ይህን ያህል የሚፈለግ እጅ ይህን ያህል መናቁ በታሪካችን ካሉት ነውሮች አንዱ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ ንጉሡን እንደ መስደብ እንደሚቆጠር አስታወቁ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ሐሜቱን ግን አላጠፋውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በራሱ ጉልበት ለማረስ ለፈለገ ሰው ሁሉ መሬት ሲፈቅድ፣ ለሌላው ማረሻ ሲያበጅ የኖረ ባለ እጅ ለራሱም የሚያርስበት በር ተከፈተለት።

ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ከውጭ የመጣ፣ ቀጭንና የማይዝግ ቢላዋ ነው። ዋጋው ይረክሳል፤ መልኩም ያምራል። ሲሰበር ግን ለከሰል እሳትና ለውሃ ማጠጣት አይመችም፤ ወደ መስፉ ተመልሶ ሌላ ነገር አይሆንም። ማረሻው ግን አሁንም ይዶለዱማል፤ ገበሬውም ክረምት ሳይገባ ተሸክሞት ይሄዳል።