ሕፃን አፉን የሚፈታው በማን ነው?

ሕፃን ልጅ መናገር ሲጀምር በአማርኛችን «አፉን ፈታ» ይባላል። ታስሮ የቆየ ነገር ተለቀቀ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያ ቋንቋውንም «አፍ የፈታበት» እንለዋለን። አባባሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ለመሆኑ ቋጠሮውን የፈታው ማነው? ልጁ ራሱ ነው? ተፈጥሮ ናት? ወይስ አዝላው ምጣዷ አጠገብ እሹሩሩ ስትል የከረመችው ሴት?

በዚህ ጥያቄ ነገሥታት ሳይቀሩ ተጨንቀውበታል። ለማወቅ የሄዱበት መንገድ ግን ለሕፃናቱ የሚበጅ አልነበረም።

ግሪካዊው ሄሮዶቱስ በታሪክ መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል ከግብፅ ካህናት ሰማሁት ብሎ እንዲህ ይተርካል። ከ664 እስከ 610 ከክርስቶስ ልደት በፊት ግብፅን የገዛው ፕሳሜቲኩስ ከሕዝብ ሁሉ ቀዳሚው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈለገ። ከተራ ሰዎች የተወለዱ ሁለት ጨቅላዎች አስመጥቶ ለአንድ እረኛ ሰጠ። እረኛው በፊታቸው አንዲት ቃል እንዳይተነፍስ ታዘዘ። ሕፃናቱ ገለል ባለ ጎጆ ተቀመጡ፤ ሰዓት እየጠበቀ ፍየል እየነዳላቸው ወተት ይጠጣሉ። ሁለት ዓመት ሲሞላ እረኛው በሩን ቢከፍት ሁለቱም እጃቸውን ዘርግተው «ቤኮስ» እያሉ ተጠጉት። ንጉሡ ቢያስጠይቅ ቃሉ በፍርግያ ሰዎች ቋንቋ ዳቦ ማለት ሆኖ ተገኘ። ግብፆችም የፍርግያ ሰዎች በዕድሜ ይበልጡናል ብለው እጅ ሰጡ ይላል ሄሮዶቱስ።

ቃሉን ያስተማሯቸው ፍየሎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለው ሐሳብ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። የፍየል ጩኸት ሰምቶ የሚያውቅ የአገሬ አንባቢ ይህን ለመገመት ፈላስፋ መሆን አያስፈልገውም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ታሪኩ እውነት ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም የተባሉት ልጆች የያዟት ቃል ድምፅ ካሰማቸው ብቸኛ ፍጡር የተገኘች ናት ማለት ነው።

የቀዳሚው ቋንቋ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ኩፋሌ፣ አዳም ከገነት እስኪወጣ ድረስ እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይናገሩ እንደነበርና በዚያን ቀን አፋቸው እንደተዘጋ ይነግረናል። ለአብርሃምም የፍጥረት ቋንቋ የሆነውን ዕብራይስጥ መልአክ እንዳስተማረው ይገልጻል። ልብ በሉ፤ አብርሃም እንኳ ያን ቋንቋ ያገኘው አስተማሪ ተሰጥቶት ነው።

ከፕሳሜቲኩስ በኋላ የመጡት ነገሥታት ይህን ልብ አላሉትም። ከ1194 እስከ 1250 የኖረው የጀርመንና የጣሊያን ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ዳግማዊ (ዓመቶቹን ሌላ ካላልኩ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ሞግዚቶች ሕፃናትን እንዲያጠቡና እንዲያጥቡ፣ ነገር ግን እንዳያናግሯቸውና እንዳያባብሏቸው አዘዘ ይባላል። ዕብራይስጥ ይሆን ግሪክ፣ ላቲን ይሆን ዓረብኛ፣ ወይስ የወላጆቻቸውን ቋንቋ ይናገሩ እንደሆነ ሊያይ ነው። ታሪኩን የጻፈው የፓርማው መነኩሴ ሳሊምቤኔ ውጤቱን ሲናገር ሕፃናቱ ሁሉ ሞቱ ይላል። የሞቱበትንም ምክንያት ይሰጣል፤ የሚያጨበጭብላቸው፣ ፊቱን አብርቶ የሚያያቸው፣ የሚያቆላምጣቸው ሰው በማጣት። ሳሊምቤኔ የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ ስላልነበረ ታሪኩን እንዳለ መዋጥ ያስቸግራል። ሆኖም በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረ አንድ መነኩሴ ሕፃን በወተት ብቻ እንደማይኖር ማሰቡ ራሱ የሚደንቅ ነው። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

የስኮትላንዱ ጄምስ አራተኛ በ1493 ሁለት ሕፃናትን ከአንዲት መናገር ከማትችል ሴት ጋር ኢንችኪዝ ወደምትባል ደሴት ላከ ይባላል። ነገሩን የመዘገበው ጸሐፊ አንዳንዶች ልጆቹ ጥሩ ዕብራይስጥ ተናገሩ እንደሚሉ አስፍሮ እኔ ግን አላውቅም ብሎ እጁን ይታጠባል። ከሁሉም ሐቀኛ የሚመስለኝ የህንዱ ንጉሠ ነገሥት አክባር ታሪክ ነው። አክባር በ1570ዎቹ መጨረሻ ሕፃናት ንግግር ሳይሰሙ የሚያድጉበት ቤት አሠራ፤ ሕዝቡ «የዲዳዎች ቤት» አለው። በ1582 ሄዶ ሲያያቸው ቃል የሚባል ነገር አልተሰማም። እንደሌሎቹ ዕብራይስጥ ወይም ፍርግያኛ የሚል ተረት አልተጨመረበትም። ዝም ካሏቸው ዝም አሉ።

ነገሩ መልክ የያዘው ሕፃናትን ማራቅ ቀርቶ ወላጆች በገዛ ቤታቸው ወረቀትና እርሳስ ይዘው ሲቀመጡ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1839 መጨረሻ የተወለደ የመጀመሪያ ልጁን እየተከታተለ ማስታወሻ ይዞ ነበር። ማስታወሻው መሳቢያ ውስጥ 37 ዓመት ያህል ተኝቶ፣ ፈረንሳዊው ኢፖሊት ቴን ስለ ልጁ የጻፈውን ካነበበ በኋላ በ1877 አሳተመው። ልጁ ልክ አንድ ዓመት ሲሞላው ለምግብ የራሱን ቃል ፈጠረ፤ «መም»። ፕሳሜቲኩስ ዳቦ አገኘ፤ ዳርዊንም ያገኘው ያው የሆድ ነገር ነው። ልዩነቱ ዳርዊን ልጁ ቃሉን ሲል ምግብ ይሰጠው ስለነበር ቃሏ ሥራ ላይ ዋለች።

ከዚያ በኋላ ከመጡት ሁሉ እኔ የማከብራቸው ክላራና ዊልያም ሽቴርን የተባሉትን ጀርመናዊ ባልና ሚስት ነው። ሂልደ፣ ጉንተርና ኤቫ የተባሉ ሦስት ልጆቻቸውን ከ1900 ጀምሮ ለ18 ዓመታት ያህል እየተከታተሉ በማስታወሻ ደብተር ጻፉ። አብዛኛውን የጻፈችው እናቲቱ ነች። በ1907 ስለ ሕፃናት ቋንቋ ያወጡት መጽሐፍ ከዚህ ደብተር የተወለደ ነው። ቤተሰቡ አይሁድ ስለነበር ዊልያም በ1933 ከሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ተባረረ፤ በ1938 አሜሪካ በስደት ሞተ። በደብተሩ ውስጥ ሲንተባተብ የምናውቀው ጉንተር አድጎ የታወቀ ፈላስፋ ሆነ።

አሁን ወደ ቤቴ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ታሪክ እንዳገላብጥ ያደረገኝ የቤት ጉዳይ ነውና።

ታላቅ እህቴ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ወንድ ልጅ አላት። እሷና ባሏ ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ልጁ የሚውለው ከባሏ እናትና ከወላይታ ከመጣች ሞግዚቱ ጋር ነው። ባለፈው ክረምት ልታስመዘግበው የሄደችበት የግል መዋዕለ ሕፃናት «ልጁ እንዳይደናገር ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ ይነገረው» አላት። እህቴም ታዘዘች። ወር ሳይሞላ ቤቱ ተለወጠ። ቴሌቪዥኑ ቀኑን ሙሉ የእንግሊዝኛ የልጆች ፊልም ያሳያል። ሞግዚቷ ያቺን በቋንቋዋ የምታንጎራጉረውን ተወች። አሮጊቷ ደግሞ ጭራሽ ዝም አሉ። አንድ እሁድ ሄጄ «እማማ፣ ምነው ዝም አሉ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ የማላውቀውን ቋንቋ በምን አፌ ላውራው? አማርኛዬ ልጁን ያበላሻል ከተባለ ዝም ይሻላል ብዬ ነው» አሉኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የፕሳሜቲኩስ እረኛ ፊቴ የተቀመጠ መሰለኝ።

የ«እንዳይደናገር» ስጋት የቆየ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም አስተማሪዎች ስደተኛ ወላጆችን የቤታችሁን ቋንቋ ተዉ ሲሉ ኖረዋል። ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ያሉ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው አማርኛ ሰምተው በሌላ ቋንቋ ሲመልሱላቸው የሚያዝኑት ከዚያው የተነሣ ነው። ግን መልሱም የቆየ ነው። ዡል ሮንዣ የተባለ ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ሚስቱ ጀርመንኛ ተናጋሪ ነበረች። በ1908 ልጃቸው ሉዊ ሲወለድ ሞሪስ ግራሞን የተባለው ባልደረባው «አንድ ሰው፣ አንድ ቋንቋ» ብሎ መከረው። አባት ፈረንሳይኛ ብቻ፣ እናት ጀርመንኛ ብቻ ሲያናግሩት ልጁ ሁለቱንም አጥርቶ ያዘ፤ አባትየው በ1913 በመጽሐፍ አወጣው። አንድ ልጅ ብቻ ነው ለሚል፣ በ1962 ኤሊዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት ሞንትሪያል ውስጥ የአሥር ዓመት ልጆችን ፈትነው፣ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ አጣምረው የሚያውቁት አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁት በልጠው አገኟቸው። በ1986 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) የወጣው የአገራችን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ የደነገገ ነው። የግል መዋዕለ ሕፃናቱ ከዚህ ሁሉ ምኑን እንዳነበበ አላውቅም።

ለቴሌቪዥኑ ደግሞ ሌላ ምስክር አለ። በ2003 ፓትሪሺያ ኩል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ የዘጠኝ ወር ሕፃናትን ይዛ አንድ ነገር ሞከረች። ገሚሶቹ ቻይንኛ የምትናገር ሴት አብራቸው መሬት ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ እያሳየች ስታጫውታቸው ለ12 ጊዜ ቆዩ። ሌሎቹ ያንኑ ንግግር በቴሌቪዥን አዩ። የመጀመሪያዎቹ የቻይንኛን ድምፆች መለየት ቻሉ፤ ባለ ቴሌቪዥኖቹ ምንም አልያዙም። ቃሉ ያው፣ ድምፁ ያው ነበር። የጎደለው ዓይን ለዓይን የሚተያይ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከመጠን ያለፈ ነገር እንዳልል ልጠንቀቅ። ቤቲ ሃርትና ቶድ ሪዝሊ በካንሳስ 42 ቤተሰቦችን ለሁለት ዓመት ተኩል በየወሩ አንድ ሰዓት እየተገኙ ካዳመጡ በኋላ፣ የድሃ ልጅ አራት ዓመት እስኪሞላው ከሀብታም ልጅ በ30 ሚሊዮን ቃላት ያነሰ ይሰማል ብለው በ1995 ጻፉ። ቁጥሩ በዓለም ዞረ፤ ድሃ እናት እንደ ጥፋተኛ ታየች። በ2019 ሌሎች ተመራማሪዎች አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት ልጁ ባለበት የሚያወሩትንም ጨምረው ሲቆጥሩ ያን ያህል ልዩነት አላገኙም። በእኛ ግቢ ለኖረ ሰው ይህ አያስደንቅም። ቡና ሲፈላ ጨቅላው ጭን ላይ ሆኖ የስንቱን ወሬ ይሰማል!

የሕፃን አነጋገርም ቢሆን በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ከ1968 እስከ 1969 አገራችን መጥቶ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትን የመራው ቻርልስ ፈርጉሰን፣ በ1964 በስድስት ቋንቋዎች እናቶች ለሕፃን ሲያወሩ ቃሉን እንዴት እንደሚያቀሉትና እንደሚደጋግሙት ጽፏል። እኛም «ዳዴ» ብለን የምናስኬደው እንዲያው ነው። የፓፑዋ ኒው ጊኒ ካሉሊዎች ግን ጨቅላን ከእናቱ ጋር ፊት ለፊት አያጫውቱትም። እናት ልጇን ወደ ሰዎቹ አዙራ ትይዘውና ድምፅዋን አቅጥና በእሱ ፈንታ ትናገርለታለች። ልጁ «እናት» እና «ጡት» የሚሉትን ሁለት ቃላት ሲል ብቻ ቋንቋ ጀመረ ይሉታል፤ ከዚያ በኋላ «እንዲህ በል» እያሉ ያስተምሩታል። የኛ እናቶች «እግዜር ይስጥልኝ በል» እንደሚሉት። የካሉሊ ልጆችም አድገው ይናገራሉ። ስለዚህ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሰው የሌለበት መንገድ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ወደ መነኩሴው ሳሊምቤኔ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በ1989 የቻውሼስኩ መንግሥት ሲወድቅ የሩማንያ ማሳደጊያዎች ተከፈቱ። ሕፃናቱ ይመገባሉ፣ ይታጠባሉ፤ የሚያናግራቸው ግን ጥቂት ነው። ከ2000 በኋላ ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ 136 ሕፃናትን ይዘው ገሚሱን ለአሳዳጊ ቤተሰቦች ሰጡ፤ ገሚሱ በነበረበት ቆየ። ከ15 ወር በፊት ቤተሰብ ያገኙት በቋንቋ ከመደበኛ እኩዮቻቸው ጋር ተስተካከሉ። ሁለት ዓመት ካለፋቸው በኋላ የወጡት ግን ክፉኛ ወደኋላ ቀርተው ተገኙ። ንጉሠ ነገሥቱ ፍሬድሪክ ያንን ማድረጉን ባናውቅም፣ የፓርማው መነኩሴ ያለው ነገር ከ700 ዓመት በላይ ቆይቶ በመዝገብ ተጻፈለት።

ይህን ለእህቴ ነገርኳት። «ታዲያ መስከረም ላይ ባይቀበሉትስ?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። አንድ ነገር ግን ተስማማን። ሞግዚቷ በወላይትኛዋ፣ አሮጊቷ በአማርኛቸው ያናግሩት፤ እንግሊዝኛውን እሷና ባሏ ማታ ይሞክሩት። እማማ አሁን ልጁን እንቆቅልሽ እያስጀመሩት ነው። ጥያቄው ገና አይገባውም፤ አገር ስጠኝ ሲሉት ግን ሳያቅማማ ሁልጊዜ የሚሰጣቸው ጎንደርን ነው፤ የትውልድ አገራቸው ስለሆነ እሳቸው ያስለመዱት ይመስለኛል።