የንብ ሰምና ወርቅ

«ሰምና ወርቅ» የሚለው የቅኔ ቃል የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ሰሙን ያበጀችው ግን ንብ ናት። እኔ እንደማየው፣ ታሪካችንም የንብን ሰም እንጂ ወርቋን ብዙ አላወሳም።

ሰሟስ በሰፊው ተወስቷል። ንጉሥ ላሊበላ ስሙን ያገኘው፣ ገድሉ እንደሚተርከው፣ በሕፃንነቱ ንቦች ቢከቡት እናቱ «ንቦች ንግሥናውን አወቁለት» በማለቷ ነው። ማር ለቤተ መንግሥት ይገበር፣ ጠጅም ይጣልበት ነበር፤ ሰሙ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሆነ።

ወርቁ ሌላ ነው። ንብ ቀለቧን ፍለጋ ከአበባ አበባ ስትዞር የወንዴውን ብናኝ ለሴቴው ታደርሳለች፤ አበባውም ፍሬ ይይዛል። ጀርመናዊው ሽፕሬንግል የነፍሳትን ይህን ሥራ በ1793 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ቢያሳትም በዘመኑ ሰሚ አጣ፤ ከሞተ በኋላ ዋጋውን ከፍ ያደረገለት ዳርዊን ነው።

የዚህን ወርቅ ትርጉም ለማየት ከባሕር ዳር ብዙ መራቅ አያሻም። ከሹም አቦ ወዲያ፣ በዚያው በጣና ዳርቻ፣ የዘጌ ልሳነ ምድር በቡና ደን ተሸፍኖ ይገኛል። እንደ ገዳማቱ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ላይ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀለ፤ በዘጌም በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ተከለከለ። የዘጌ ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያድጋል። የቡና አበባ ዕድሜው የጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የእኛ ቡና ያለ ንብም ራሱን ማዳቀል ይችላል፤ ይሁንና ተመራማሪው ዴቪድ ሩቢክ በፓናማ አጥንቶ በ2002 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ንቦች የጎበኙት ቡና ምርቱ ከግማሽ በላይ ጨምሯል። እንግዲህ ዛፉን ያቆየው የገዳም ሥርዓት፣ ሳይታሰብም ቢሆን፣ ለንብ ማደሪያና ቀለብ አቆይቷል ማለት ነው።

ዛሬ በዚሁ አካባቢ በጫት ማሳ ላይ ጸረ ተባይ ይረጫል። መርዙ ተባዩን ከንቧ አይለይም። አርሶ አደሩ አበባ በፈነዳበት ሰሞን ባይረጭ፣ የግድ ከሆነም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ ቢያደርገው ብዙ ያተርፋል። ማር ቢጠፋ ጠጃችን ይቀራል፤ ንብ ብትጠፋ ግን ከማሩ ጋር ፍሬውም ይጎድላል።