የልጅን አባት ማን ይወስናል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዘመኑ የሥልጣኔ ምልክት ተብሎ ተወድሷል። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ነበሩ። በዚህ ሕግ ዓይን ግን ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ውስጥ ከትዳር ውጪ የተወለደ ሕፃን አባት የሚኖረው፣ በአብዛኛው አባትየው ከፈቀደ ብቻ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወላጆቹ ከተጋቡ ወይም እንደ ባልና ሚስት አብረው ከኖሩ ሕጉ ሰውየውን አባት ነው ብሎ ይገምታል። ከዚያ ውጪ ከሆነ ሰውየው ራሱ "ልጄ ነው" ማለት አለበት። ካላለ፣ እናቲቱ በፍርድ ቤት አባትነትን ማስወሰን የምትችለው ያረገዘችው ተጠልፋ ወይም ተደፍራ ከሆነ ብቻ ነው። "አገባሻለሁ" ተብላ ለተታለለች ልጅ በሩ ዝግ ነበር። አባቱ ያልታወቀ ልጅ ደግሞ ከማን ቀለብ ይጠይቃል? የማንንስ ውርስ ይካፈላል?

የተጠለፈችዋም ቢሆን ፍትሕ አላገኘችም። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መሠረት ጠላፊው ልጅቷን በሕግ በጸና ጋብቻ ካገባት አይከሰስም ነበር። ሕጉ ጋብቻው በነጻ ፈቃዷ እንዲሆን ይጠይቃል። ጠለፋ በለመደበት መንደር ግን ፈቃድ የሚባለው እንዴት እንደሚገኝ ይታወቃል። ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ቤተሰብም "ከእንግዲህ ማን ያገባታል?" ብሎ ይስማማል።

ይህን ልማድ ፊት ለፊት ከተጋፈጡት መካከል የከምባታዋ ተወላጅ ቦጋለች ገብሬ ይገኙበታል። አሜሪካ ተምረው ተመልሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ከእህታቸው ፍቅርተ ገብሬ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማን መሠረቱ። አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በሴት ልጅ ግርዛት ላይ ባደረጉት ትግል ነው፤ የሠሩት ግን ጠለፋንም ለማስቀረት ነበር። መንገዳቸው ሽማግሌውን፣ እናቶችንና ወጣቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማወያየት ነበር።

አዲስ አበባ ላይም የሕግ ባለሙያ ሴቶች ሲወተውቱ ቆይተው በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ በጋብቻ ተስፋ የተታለለች ሴት፣ አባትነቱን የሚያረጋግጥ የሰውየው ደብዳቤ ወይም ሰነድ ያላት ሴት፣ ሰውየው እንደ አባት ልጁን ሲረዳ የነበረ እንደሆነም ፍርድ ቤት መሄድ ቻለች። ሆኖም ይህ ሕግ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ብቻ ነበርና ሀዲያና ከምባታ መጠበቅ ነበረባቸው። የደቡብ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ ያወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግም ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ማግባቱ ከክስ አያድነውም።

ዛሬ ፈተናው ሌላ መልክ ይዟል። የሆሳዕናና የአካባቢው ወጣት ወንዶች በብዛት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ቀለብ የሚወሰነው በልጁ ፍላጎትና በአባትየው አቅም ቢሆንም፣ ጆሃንስበርግ ያለ ሱቅ ምን እንደሚያስገባ ሆሳዕና ያለ ዳኛ በምን ያውቃል? ስለዚህ እናት በእጇ ያለውን ነገር አትናቅ። ሰውየው የጻፈላት መልእክት፣ ለልጁ ብሎ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ ነገ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

የቀድሞው ሕግ ልጅን በአባቱ ፈቃድ ላይ ጥሎት ነበር። ያንን ለመቀየር ከ40 ዓመት በላይ ፈጅቷል። መብቷን የማታውቅ እናት ግን ዛሬም በአሮጌው ሕግ ሥር እንዳለች ናት።