የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ቱቦ፤ ከባለመኪናው ደጃፍ እስከ ሞንትሪያል

የመኪና አየር ማቀዝቀዣ በመሠረተ ሐሳቡ ከቤት ፍሪጅ አይለይም፤ ልዩነቱ ከቱቦው ላይ ነው። በፍሪጅ ውስጥ ሞተሩና ኮምፕሬሰሩ በአንድ ብረት ታሽገው ስለሚኖሩ ጋዙ ከብረት ቧንቧ ሳይወጣ ለብዙ ዓመታት ይዘዋወራል። የመኪናው ኮምፕሬሰር ግን በቺንጋ የሚዞርና ከሞተሩ ጋር የታሰረ በመሆኑ ሞተሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ኮንደንሰሩና ኤቫፖሬተሩ ደግሞ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። በእነዚህ መካከል ደረቅ ቧንቧ ብቻ ቢዘረጋ ውሎ አድሮ መሰንጠቁ አይቀርም። ከዚህም የተነሳ መሐንዲሶች የሚተጣጠፍ የላስቲክ ቱቦ አስገቡበት፤ በዚያው እጃቸው ጋዙ የሚሾልክበትን በር ከፈቱ።

የአሜሪካው ፓካርድ ኩባንያ በ1939 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለ1940 ሞዴል መኪኖቹ ማቀዝቀዣ ባቀረበ ጊዜ ኤቫፖሬተሩ ከኋላ መቀመጫ በስተጀርባ ስለነበረ መስመሩ የመኪናውን ርዝመት ሁሉ ያቋርጥ ነበር። ባለቤቱ ቅዝቃዜው ሲበዛበት ሞተር አጥፍቶ፣ ኮፈን ከፍቶ ቺንጋውን ከማውለቅ በቀር የሚያቆምበት ዘዴ አልነበረውም። ሥራው ከ1941 በኋላ ቀረ። ናሽ በ1954 መሣሪያውን ሁሉ ወደ ፊት ሰብስቦ መስመሩን አሳጠረው፤ በ1969 በአሜሪካ ከተሸጡት አዳዲስ መኪኖች ከግማሽ በላይ የሆኑት ማቀዝቀዣ ነበራቸው።

በነዚያ ዘመናት በቱቦው ውስጥ ይመላለስ የነበረው፣ ቶማስ ሚድግሊና ባልደረቦቹ በ1928 ለማቀዝቀዣነት ያገኙትና ፍሬዮን የተባለው አር-12 ነው። አይነድም፤ ሰውንም አይመርዝም። ስለሆነም ባለመኪናው በደጃፉ ቆሞ መጋጠሚያውን ይፈታል፣ ጋዙን በፉጨት ይለቀዋል፣ ከጥቅል የተቆረጠ ቱቦ አስገብቶ በብሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ ያስራል፣ ከሱቅ በገዛት ትንሽ ቆርቆሮም ይሞላል። ይህን ሰው ዛሬ በጥፋተኝነት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የፋብሪካው መሐንዲስም ቢሆን ከዚህ የተለየ አላሰበም።

ሞሊናና ሮውላንድ እንዲህ ያለው ጋዝ የኦዞንን ሽፋን እንደሚያጠፋ በ1974 ጻፉ። የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በ1985 በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ የኦዞኑን መሳሳት አስታወቁ፤ የሞንትሪያል ፕሮቶኮልም በ1987 ተፈረመ። በአሜሪካ ከሐምሌ 1992 ጀምሮ ይህን ጋዝ ሆን ብሎ ወደ አየር መልቀቅ ክልክል ሆነ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር የአር-12 ትንሿ ቆርቆሮ ምስክር ወረቀት ላለው ባለሙያ ብቻ የምትሸጥ ሆነች። የሕጉ አጻጻፍ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ምስክር ወረቀት የሚጠየቀው በክፍያ የሚጠግን ሰው ነው፤ የገዛ መኪናውን የሚሠራ ግን አይጠየቅም፣ ጋዝ መልቀቅ ብቻ ተከልክሏል። ስለዚህ ቱቦውን መቀየር እንደ ተፈቀደ ቢቀርም፣ ከመፍታቱ በፊት ጋዙን በማሽን ስቦ ማውጣት ስለሚያስፈልግ የሥራው መጀመሪያ ከባለመኪናው እጅ ወጣ።

ሁለተኛው ለውጥ በራሱ በቱቦው ላይ ደረሰ። ተተኪው አር-134ኤ ሞለኪዩሉ ያነሰ ስለሆነ በቀድሞው ላስቲክ ውስጥ ሰርጎ ይወጣል። ለዚህም ከውስጥ የናይሎን ንጣፍ ያለበት ቱቦ ተሠራ። ንጣፉን የቀድሞው ባለጥርስ ጫፍ ሊቆርጠው ስለሚችል ማሰሪያውና ብሎኑ ተሽረው በመጭመቂያ ማሽን የሚጠበቅ የብረት አንገት ተተካ፤ ከጥቅል ቆርጦ ቱቦ መሥራትም ከደጃፍ ወደ ጋራዥ ሄደ። ዘይቱም አብሮ ተለወጠ። አዲሱ ዘይት እርጥበት ከአየር ስለሚጠጣ የቱቦው ሁለት ጫፎች እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ተደፍነው መቆየት አለባቸው፤ የመጋጠሚያው የላስቲክ ቀለበቶችም በአዲስ ተተክተው በተስማሚው ዘይት ይርሳሉ። ከዚያ በቫኩም ፓምፕ አየሩ ሲሳብ ግፊቱ እጅግ ስለሚወርድ በመስመሩ የቀረው ውኃ ሳይሞቅ ተንኖ ይወጣል። በቤት የሚሠሩ ብዙዎች የሚዘሉት ይህንኑ ነው፤ ኮምፕሬሰርን የሚበላውም ይኸው የቀረ እርጥበት ነው።

አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,430 ጊዜ ያህል አየርን የሚያሞቅ ሆኖ ተገኘ። የአውሮፓ ኅብረት በ2006 ባወጣው መመሪያ ከ2017 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች እንዳይገባ ከለከለ፤ የተተካው አር-1234ዋይኤፍ ደግሞ በመጠኑ ይነዳል። ትንሿ የአር-134ኤ ቆርቆሮ በአሜሪካ ለባለመኪናው አሁንም ትሸጣለች፤ ከ2018 ወዲህ የሚሠራው ግን ራሱን በራሱ የሚዘጋ ቫልቭ ያለው ነው።