የትምህርት ቤቱ ሲስተር የት አለች?

ከገጠር ትምህርት ቤት የመጣን ሁሉ አንዲት ሣጥን እናስታውሳለን። በዲሬክተሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች፣ ቀይ መስቀል የተሳለባት። ቁልፏ ከዲሬክተሩ ኪስ አይጠፋም፤ እርሱ ለስብሰባ ከወጣ ቁልፏም አብራ ትሄዳለች። ብትከፈትም ከቁራጭ ፋሻና ከደረቀ አዮዲን በቀር ምን ይገኝባታል? የአገራችን የትምህርት ቤት ጤና ታሪክ ግማሹ በዚች ሣጥን ውስጥ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው ዓለም እንዴት ጀመረው? በኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. እስከ 1902 ድረስ ሐኪም በየትምህርት ቤቱ እየዞረ ዓይኑ የታመመውን፣ እከክ ወይም ቅማል ያለበትን ልጅ እየለየ ወደ ቤቱ ይሰድ ነበር። ይሰዳል እንጂ አያክምም። የድሃ ልጅ መድኃኒቱን ከየት ያምጣው? እንደታመመ ጎዳና ለጎዳና ሲዞር ይውላል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሊና ሮጀርስ የምትባል ነርስ በአራት ትምህርት ቤቶች ተመደበች። ቀላሉን ሕመም እዚያው ታክማለች፤ የቀረውን ልጅ እቤቱ ድረስ ሄዳ ትጠይቃለች፤ እናቲቱን ታስተምራለች። ውጤቱ ስለታየ ሌሎች ነርሶች ተጨመሩ። በአንድ ወር ከ10,000 በላይ የነበረው በሕመም ምክንያት ከትምህርት የሚባረር ልጅ በዓመቱ ወደ 1,100 ገደማ ወረደ። ልዩነቱን ልብ እንበል፦ ሐኪሙ ልጁን ከወንበሩ አስነሣው፣ ነርሷ ወደ ወንበሩ መለሰችው።

ወደ እኛ እንምጣ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ነበር፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣትነቷ አረፈች። የቀይ መስቀል ነርሶች ትምህርት ቤት በ1949 አዲስ አበባ ላይ ተቋቋመ። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒተሪያን አንድ ላይ ያሠለጥን ጀመር። ሀሳቡ ትልቅ ነበር፤ በሽተኛ እስኪመጣ ከመጠበቅ ሕዝቡ ወዳለበት መሄድ። ነገር ግን አገሩ ሰፊ፣ ነርሷ ጥቂት! የገጠሩ ትምህርት ቤት ለመምህሩና ለዚያች ሣጥን ተተወ።

ይህ መተው ምን እንደሚያስከፍል ሸኮ ይመስክር። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ጫካው፣ ቡናውና ፈጣኑ ወንዝ አንድ ላይ ናቸው። በፈጣን ወንዝ ዳር የምትራባዋ ጥቁር ዝንብ የኦንኮሰርኪያሲስን ትል ታስተላልፋለች። በሽታው በደቡብ ምዕራብ መኖሩን ጣሊያኖች በ1939 መዝግበውታል። በሌላ አገር «የወንዝ ዳር ዕውርነት» ይባላል፤ በእኛ ዘንድ ግን ይበልጥ የሚያሠቃየው ቆዳን ነው። ሌሊቱን ሲያክ ያደረ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ ምን ይገርማል? እኛ ግን «ሰነፍ» አልነው! ለአዋቂውም አልበጀም፤ በቴፒ ቡና እርሻ የተደረገና በ1997 በዓለም ባንክ የወጣ ጥናት፣ ይህ የቆዳ በሽታ ያለበት ሠራተኛ የቀን ገቢው ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚያንስ አሳይቷል።

መድኃኒቱ መጣ። ከ2001 ጀምሮ በከፋና በሸካ፣ ቀጥሎም በቤንች ማጂ፣ ሕዝቡ ራሱ በመረጣቸው ሰዎች እጅ ሜክቲዛን ይታደል ጀመር። መድኃኒቱ እጮቹን እንጂ እናቲቱን ትል ስለማይገድል ለብዙ ዓመታት መዋጥ አለበት፤ ከ5 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ አይሰጥም። እንግዲህ ልጁ መዋጥ የሚጀምረው ትምህርት ቤት በሚገባበት ዕድሜ ግድም ነው ማለት ነው። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴቶች ተመደቡ። በ2015 የሆድ ትላትል መድኃኒት በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች መታደል ጀመረ፤ በ2018 የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ለልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ ተሰጠ።

ይህ ሁሉ ቀላል ሥራ አይደለም፤ ሊመሰገን ይገባዋል። ግን ዘመቻ እኮ መጥቶ ይሄዳል! ዕደላው ካለፈ በኋላ ባሉት ቀናት ልጁን ማን ያየዋል? የሊና ሮጀርስ ምሥጢር ክኒኑ አልነበረም፤ በየቀኑ መገኘቷና የቀረውን ልጅ መፈለጓ ነው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ነገ ነርስም መምህርም ሆነን የምንመደበው ወደዚያው ነው። ለየትምህርት ቤቱ ነርስ እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። መምህሩ የስም መጥሪያውን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ መዝገቧን ይዘው በሳምንት አንድ ቀን ይገናኙ፤ «ቀሪ» ተብሎ የተጻፈው ልጅ ለምን ቀረ ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ገንዘብ አያስፈልግም። የሣጥኗም ቁልፍ ከኪስ ወጥቶ ልጆች ከሚያገኙት ሰው እጅ ይግባ።