ስም የማን ሸቀጥ ነበር?

በቀደም ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ ትሑት ወጣት ነው። «ጋሼ፣ የሕንጻችን ምርቃት አለ፤ የአሥር ደቂቃ መነባንብ ቢጽፉልን?» አለኝ። ዋጋውን ጠየቅሁት። «በጀት እንኳ የለንም፤ ግን ትልልቅ ሰዎች ይገኛሉ፣ በቴሌቪዥንም ይተላለፋል፤ ስምዎ ይነሳል።»

«ባለ ድንኳኑስ?»

«እሱማ ቀብድ ወስዷል።»

«ሥጋ ቤቱስ?»

«ሥጋ በነጻ ማን ይሰጣል፣ ጋሼ!»

ተሳሳቅን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ለመሆኑ ስም ለጥበብ ሰው ደመወዝ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

አዝማሪውን እንውሰድ። ማሲንቆውን ይዞ ግብር ቤት ወይም ሰርግ ቤት ሲገባ የሚሸጠው ስም ነበር። የጌታውን ጀግንነት፣ የእመቤቲቱን ቸርነት በግጥም ያነሳል፤ የተወደሰውም እዚያው በዚያው ይሸልማል። የሚሰስት ካለ ያው ምላስ ዞሮ ይወጋዋል። አዝማሪ ይናቅ እንደነበር አልክድም። ቢሆንም የናቀውም ሰው ይከፍለው ነበር። «ዝፈንልኝና እኔ ስምህን አስጠራልሃለሁ» ያለው ጌታ ቢኖር ኖሮ የሰፈሩ መሳቂያ በሆነ!

በሥዕሉም ቤት እንዲሁ ነው። ጣና ውስጥ ደቅ ደሴት ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። እቴጌይቱ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ስሙና መልኩ የአሠሪዋ ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎች ግን የአብዛኞቹ ስም እንኳ ለእኛ አልደረሰም። ዝና የከፋዩ ድርሻ ነበር ማለት ነው፤ ዛሬ ዝናውን ለሠሪው ሰጥተን ክፍያውን እናስቀርበታለን።

የቃልን ዋጋ ጠላትም ያውቀው ነበር። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን እየያዙ እንዲረሽኑ አዘዘ። ከንቱ ነገር ቢሆን ጥይት ባላባከነበት።

ሕጉም ቢሆን ዛሬ የመጣ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለድርሰትና ለኪነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥቷል። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። ሕግ ግን የተሠራውን ይጠብቅ እንደሆነ እንጂ «እባክህ በነጻ ሥራልኝ» የሚለውን ይሉኝታ አያስቀርም። ለለቅሶ፣ ለዕድር፣ ለችግረኛ በነጻ መሥራት ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ሁሉም የአቅሙን ያዋጣል። ሥጋ ሻጩ እየተከፈለው ገጣሚው ብቻ የሚያዋጣበት ድግስ ግን ምን ዓይነት መዋጮ ነው?

ይህን ስል ራሴን ንጹሕ ማድረጌ እንዳይመስላችሁ። ከዓመታት በፊት መጽሐፍ ሳሳትም ለወረቀቱም ለማተሚያ ቤቱም ከፈልኩ። ሽፋኑን የሠራልኝን ልጅ ግን «ስምህ ይወጣል፣ ሰው ያውቅሃል» አልኩት። «እሺ ጋሼ» አለ። ስሙም ወጣ፣ በደቃቃ ፊደል። በዚያ ስም የቤት ኪራይ ይከፈል እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁትም።

ለወጣቱ መልሼ ደውዬ ዋጋዬን ነገርኩት። «እንነጋገርበታለን» አለ። ቀጥዬ የሽፋን ሠሪዬን ቁጥር ፈልጌ ደወልኩ።

«ጋሼ! ሌላ ሽፋን አለ እንዴ?»

«የለም፤ የድሮው ዕዳ ነው ያለው» አልኩት።