የአጎቴ ሊሾ እና የፋሲል ግንብ

ሰሞኑን ማክሰኝት ስሄድ አጎቴ የመኪና መግቢያቸውን ሊሾ በድጅኖ ሲያስፈርሱ ደረስኩ። ፍርስራሹን ወንዝ ዳር ሊያስደፉት ነው! (ወንዝ ስናይ ቆሻሻ ትዝ የሚለን ግን ለምንድን ነው?)

እኔን ትዝ ያለኝ የፋሲል ግንብ ነው። የአፄ ፋሲል ግንበኞች ድንጋዩን ያያያዙት በኖራ ነበር። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ በኅዳር 1934 እስኪባረር ድረስ ግንቡን «ልጠግን» ብሎ ሲሚንቶና ፌሮ ያለው ኮንክሪት ከተተበት። ኖራ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን አፍኖ ድንጋዩን ያስበላል። ኋላ የመጡት ጠጋኞች እንደገና ወደ ኖራ ተመለሱ። አያችሁ፣ ያለቦታው የገባ ሲሚንቶ ማውጣቱ ከማስገባቱ ይከብዳል።

አጎቴ ሰምተውኝ ሳቁ፤ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ግንብ ነው እንዴ?»

አይደለም። ለዚህማ መላ አለው፤ ፌሮው ወጥቶለት በደንብ ከደቀቀ በአዲሱ ሊሾ ሥር እንደ ገረገንቲ ይጠቀጠቃል። ጀርመኖች እኮ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈራረሱ ከተሞቻቸውን ፍርስራሽ ፈጭተው መልሰው ገንብተውበታል።

አጎቴ ጥቂት አሰቡና ጋሪውን መለሱት። አሁን ክርክሩ ማን ያድቅቀው የሚለው ላይ ነው፤ ሁሉም ወደ እኔ ያያል።